ፈሪዳ ለምና ያገኘችው ወተት

ሲቀላ በሚባለው የታችኛው ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ ነበር። ባልዲው፣ ጆጉ፣ ሳፋው፣ የሕፃን ፖፖው ሁሉ በገመድ ተንጠልጥሎ በረንዳውን ስለሚሞላው፣ ከሥሩ ተቀምጣ በእግር መኪና የምትሰፋውን ሴት ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ያቺ ሴት ፈሪዳ ናት። ሰፈሩ በሁለት ነገር ያውቃታል። የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ፣ ልጅ ያድጋል ብላ ከጫፉ ብዙ ጨርቅ አጥፋ ትተዋለች፤ ለዚህ ነው እናቶች ከሌላው ሰፊ ሁሉ እሷን የሚመርጡት። ደግሞም የከበዳትን ነገር ከመናገሯ በፊት ክር በጥርሷ ትበጥሳለች። እጇ ላይ ክር ከሌለ ነገሩ ሳይነገር ሊቀር ይችላል።

ባሏ ሙከሚል ከስልጤ በልጅነቱ የመጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ማበጠሪያና መስታወት በክንዱ ታቅፎ ከሲቀላ እስከ ላይኛው ከተማ፣ እስከ ሴቻ፣ ዳገቱን በእግሩ እየወጣ ሸጧል። ሱቅ ከከፈተም በኋላ የጎዳና ሻጭ ድምፁ አልለቀቀውም። «ይሄ ባልዲ ከተሰበረ እኔን በእሱ ፈንታ ትወስጅኛለሽ» ይላታል ለደንበኛ ሴት። ሴቲቱ ስትስቅ ፈሪዳ ከባልዲዎቹ ሥር ሆና አብራ ትስቃለች።

ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ልጅ አልነበራቸውም። ሁለቱም ተመርምረዋል፤ ሐኪሙ ምንም አላገኘሁባችሁም አላቸው። ለፈሪዳ ምንም አለመገኘቱ ከመገኘቱ የባሰ ሆነባት፤ የሚታከም ነገር የለማ። ስለዚህ ነገር ማውራት አቆሙ። መጀመሪያ ከሰው ጋር፣ ቀጥሎ እርስ በርሳቸው።

ከሚሌኒየሙ በዓል ወዲህ በሁለተኛው ዓመት የፈሪዳ ታናሽ እህት ሴት ልጅ ወልዳ በወለደች በሳምንቱ አረፈች። የሕፃኗ አባት የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ዛሬ ሞያሌ፣ ነገ ናዝሬት ነው ቤቱ። ሕፃኗን በፎጣ ጠቅልሎ አምጥቶ ለፈሪዳ ሰጣትና «እንደ ልጅሽ» አላት። ሸይማ የሚለውን ስም እናትየዋ ከመሞቷ በፊት አውጥታላት ነበር።

የሙከሚል እናት ለለቅሶ ከወራቤ መጡ። ደግ ሴት ናቸው፤ ግን ቃላቸውን አያኝኩም። ሸይማን ጭናቸው ላይ አድርገው ጡጦ እያጠቧት፣ «ማሳደጉ መልካም ነው፤ ምንዳው ብዙ ነው» አሉ። «ግን አስቀድማችሁ እወቁት። ስትደርስ ከሙከሚል ትሸፈናለች። አጎቷ እንኳን አይደለም። የአክስቷ ባል ነው።»

«ምን ትላለህ?» ብላ ፈሪዳ ባሏን አየችው።

ሙከሚል ሕፃኗን አየ፤ ያቺ ጡጦ የያዘች ቡጢ የምታህል ፊት። «ገና ዓይኗን መግለጥ ያልቻለች ልጅ ከእኔ እንድትሸፈን ነው የምትነግሪኝ?» አላት እናቱን።

«ስትደርስ ነው ያልኩህ። የራሷን የፈሪዳን ጡት ጠብታ ቢሆን ሌላ ነበር። የወለደቻት ያህል ትሆን ነበር። የሌለውን ምን አደርገዋለሁ?»

እኚህ እናት ወራቤ ሲገቡ ያን የተናገሩትን ረስተውታል። ፈሪዳ ግን በዚያን ቀን ከሰፋችው ዩኒፎርም ሁለት እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። የወለደቻት ያህል። ሲነጋ ያው ቃል፣ ሲመሽ ያው ቃል። የሌለውን ማምጣት ይቻል ይሆን?

ሸይማን ለክትባት ስትወስዳት ብሩክታዊት የምትባል ነርስ አገኘች። ወጣት ናት፤ ስታወራ ወደ ሰው ፊት አታይም። ፈሪዳ የምትበጥሰው ክር ስለሌላት የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ቆየች።

«ሲስተር፣ ያልወለደች ሴት ታጠባለች?»

ነርሷ መርፌውን አስቀመጠች። «ትችላለች» አለች። «ሁሉም ባይሳካላቸውም ተደርጎ ያውቃል። ጡት ሲጠባ ነው ወተት የሚሠራው። ካልተጠየቀ አይሰጥም። በቀን ብዙ ጊዜ፣ በየቀኑ፣ ሳትሰለቺ መጠየቅ ነው። ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ላይመጣም ይችላል። ትንሽ ቢሆንም ጡጦውን እንዳትተዪ።»

ፈሪዳ ቤት ገብታ ሸይማን ጡቷ ላይ አደረገቻት። ሸይማ አንድ ጊዜ ሳበች፤ ምንም የለም። ሁለተኛ ሳበች፤ ምንም የለም። ከዚያ በዚያች ትንሽ ሳንባዋ ለሲቀላ ሁሉ የሚሰማ ጩኸት ለቀቀች። ጡጦ የለመደች ልጅ ባዶ ጡት ምን ያደርግላታል? ለቀናት እንዲህ ሆነ። ፈሪዳ በእጇም ሞከረች፤ እጇ ዛለ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም። ለነርሷ ሄዳ ነገረቻት።

«ባለቤትሽ ሊያግዝሽ ይችላል» አለች ብሩክታዊት።

«ያግዘኛል እኮ። ጡጦውን የሚያጥበው እሱ ነው።»

«እሱን ማለቴ አይደለም።» ነርሷ ክትባት የሚቀመጥበትን ፍሪጅ እያየች ነበር የምታወራው። «ሕፃኗ እምቢ ያለችውን ሥራ ማለቴ ነው። ጡት የጠባው ማን እንደሆነ አይለይም። ትልቅ ሰውም ቢሆን።»

ፈሪዳ ከገባት በኋላ እሷም ፍሪጁን ማየት ጀመረች። ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ያንን ፍሪጅ እንደ አዲስ ነገር ተመለከቱት።

ለሙከሚል ለመንገር ብዙ ቀን ፈጀባት። አንድ ቀን ክር በጠሰችና «ሲስተር አንድ ነገር ነግራኝ ነበር» አለችው። «ምን?» ሲላት «ተወው» አለች። በማግስቱም እንደዚያው። በመጨረሻ ጨርቅ ላይ ጎንበስ ብላ፣ መኪናውን ሳታቆም፣ በመርፌው ድምፅ መካከል ነገረችው።

ሙከሚል ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ ይመስል ዞር ብሎ አየ። «ማን? እኔ?»

«ታዲያ ማንን ልጥራ?»

«አንቺ ሴት ዛሬ ፀሐይ መታሽ።»

«እሺ፣ ተወው።»

ጆጎቹን አወረደ፣ መልሶ ሰቀላቸው። «ሰው ቢሰማስ?»

«ሰው የት ቆሞ ነው የሚሰማው?»

«ሱቁን ማን ይጠብቃል?» አለ።

ፈሪዳ እሺ ማለቱ እንደሆነ አወቀች። ሙከሚል የማይፈልገው ነገር ቢሆን እምቢ ይላል እንጂ ሱቁን አያነሣም።

ሲቀላ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰው አያቆምም። ከዙህር ሶላት በኋላ ባጃጆች እንኳን ዛፍ ጥላ ሥር ተደርድረው ሾፌሮቻቸው ያንቀላፋሉ። ሙከሚል የሱቁን በር በግማሽ ይዘጋና ወደ ጓዳ ይገባል። በመጀመሪያው ቀን ጢሙ ኮረኮራትና ፈሪዳ መሳቅ ጀመረች፤ ማቆም አቃታት፤ እሱም ተቆጥቶ ተነሣ፤ በሩ ላይ ደርሶ እሱም ሳቀ። ያን ቀን ሥራው ሳይሠራ ቀረ። በማግስቱ ሁለቱም ኮስተር ብለው እንደ ሐኪም ትእዛዝ አደረጉት፤ እሷ ጣሪያውን እያየች፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ። ሸይማ አጠገባቸው ተኝታለች።

ከሳምንት በኋላ ግን ጣሪያውን ማየት ተወች። ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ አየች፤ ዘጠኝ ዓመት አብራው ኖራ ከምን እንደመጣ ጠይቃው አታውቅም። ጠየቀችው። በልጅነቱ ሴቻ ዳገት ላይ መስታወቱን ይዞ ወድቆ ነው። መስታወቱ እንዳይሰበር ብሎ ፊቱን አስቀድሟል። «መስታወቱስ?» አለችው። «እሱም ተሰበረ» አላት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሥራው ሲያልቅ እሱ ቶሎ አይነሣም፤ ራሱን ክንዷ ላይ አድርጎ ያወራል። አንድ ቀን እናቱ ሁለተኛ ሚስት እንዲያገባ ሦስት ጊዜ መልእክት እንደላኩበትና ሦስቱንም ጊዜ እምቢ እንዳለ ነገራት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሽ ቢሆን ምን ትዪኝ ነበር?»

አሰበች። «አግባ ነበር የምልህ።»

«ለዚያ ነው ያልነገርኩሽ።»

ፈሪዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅ ለማጥባት ነበር የተነሣችው፤ በመንገዱ ላይ ባሏን ያገኘች መሰላት። ይህ ነገር ጥሩ ነው ወይስ የሚያሳፍር? ሁለቱም ነበር፤ በአንድ ቀን፣ አንዳንዴ በአንድ ትንፋሽ።

ከሱቁ ጎን ከላንቴ የመጣ ሙዝ የምትቸረችር ወርቂቱ የምትባል ጎረቤት አለች፤ የጋሞ ሴት ናት፤ አንገቷ ላይ ማተብ፣ አፏ ላይ ነገር የማይጠፋባት። ፈሪዳ ለማጥባት እንደምትሞክር ታውቃለች፤ ሙከሚል በነገሩ ውስጥ እንዳለ ግን አታውቅም። የሽፈራው ቅጠል፣ እነ ወርቂቱ ሀለኮ የሚሉትን፣ ቀቅላ በሰሃን ታመጣላታለች።

«ብዪው፤ ይሄ ቅጠል ከግንድም ወተት ያወጣል።»

«መረረኝ፣ ወርቂቱ።»

«ወተት የሚለምን ሰው ይመረዋል ወይ? ዋጪው። ደግሞ ባልሽ ምነው ሰሞኑን ደስ ደስ ብሎታል? ትናንት ሙዝ ሲገዛኝ አልተከራከረኝም። ታሟል እንዴ?»

ፈሪዳ ቅጠሉን ጎርሳ አፏን ሞላች።

ወተቱ የመጣው ማንም ሳይጠብቀው ነው። ሙከሚል ቀና ብሎ ከንፈሩን ላሰ፤ ቆመ፤ እንደገና ላሰ። «ፈሪዳ» አላት በቀስታ። «የሆነ ነገር አለ። ይጣፍጣል።» ጎንበስ ብላ አየች። ጠብታዋ ውሃ የተቀላቀለባት ትመስላለች፤ ግን ወተት ናት። በቀጣዮቹ ቀናት ጠብታዋ ጠብታዎች ሆነች፤ ከዚያ እሱ ሲውጥ የሚሰማ ሆነች። እሱም ብዙ ጊዜ ዋጠ፤ ወተቱ የሚመጣበትን መንገድ ለመክፈት ብሎ። ያኔ ነው ሸይማን ያቀረቧት። አንዴ ሳበች፤ ዓይኗን ገለጠች፤ ፈሪዳን ገና አሁን የተዋወቀቻት ያህል ትኩር ብላ አየቻት፤ ከዚያ መሳቧን ቀጠለች።

ሙከሚል ጓዳው በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። «ጉንፋን ይዞኛል» አለ።

ከዚያ በኋላ እሱ አላስፈለገም። ሸይማ ሥራዋን ራሷ ያዘች፤ ጡጦውም ቢሆን ቀረት እያለ ሄደ። ሙከሚል ቀትር ላይ ሱቁን ክፍት ትቶ በረንዳ ላይ መዋል ጀመረ። ፈሪዳም መቁጠር ጀመረች። ልጅ ሳለች ሴቶች ቁርኣን ከሚቀሩበት መድረሳ አንድ ነገር በጭንቅላቷ ቀርቷል፤ አንድ ሕፃን ከአንዲት ሴት ጡት አምስት ጊዜ ጠግቦ ከጠባ ልጇ ይሆናል፤ ከወለደቻቸው ጋር መጋባት ክልክል ይሆንበታል። የአጎቷ ልጅ ኒካህ በዚሁ ምክንያት ሲፈርስ ዓይኗ አይቷል። ስለዚህ ሸይማ ጠግባ አንገቷን ስትጥል አንድ አለች። ሁለት አለች። አምስት ስትል ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችና «ልጄ» አለቻት፤ ከዚህ በፊትም ብላት ታውቃለች፤ አሁን ግን እውነት ነው።

ደስታዋ አንድ ባጃጅ አልፎ አቧራው እስኪቀመጥ ያህል ቆየ። ምክንያቱም ከሸይማ በፊት ከዚህ ጡት ሌላ ሰው ጠጥቷል። ከአምስት ጊዜም በላይ።

ካሰበችው በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አልቻለችም። ሙከሚል ወተቷን ውጧል። ወተቷን የዋጠ ልጇ ነው። ልጇ ከሆነ ባሏ አይደለም። ታዲያ ይህ በቤቷ ውስጥ የሚንጎራደደው ሰው ማን ነው? ሸይማስ? ሸይማ እህቱ ልትሆን ነው? ለሸይማ አባት ልታመጣላት ብላ ወንድም አመጣችላት? ነገሩ በሌላ ሰው ቤት የደረሰ ቢሆን እየሳቀች ትሞት ነበር። በራሷ ቤት ግን ልጅ አገኘሁ ስትል ባሏን በገዛ ጡቷ ያጣች መሰላት። ምናልባት ከዚያች ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሮ በሐራም ነው የኖሩት።

ያን ቀን ሙከሚል ወደ ቤት ሲገባ ፈሪዳ ሻርፗን ፀጉሯ ላይ ጣለች። በኋላ ስታስበው፣ ልጇም ቢሆን፣ ባሏም ቢሆን ከእሱ ፀጉሯን መሸፈን አያስፈልጋትም። ሸፈነች። የምታደርገው ጠፋት። ፍራሿንም ወደ ሸይማ አልጋ ሥር አዛወረች፤ «ልጅቷ ትነቃለች» ብላ።

«ሰው መጥቷል እንዴ?» አላት ሙከሚል ሻርፑን እያየ።

«የለም።»

«ታዲያ?»

«ነፋስ ነው።»

ሲቀላ በዚያ ሰሞን ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበራትም።

ሙከሚል ብዙ ነገር ሞከረ። ቀለደ፤ አልሳቀችም። ዓሣ ገዝቶ አመጣ፤ ጠብሳ አቀረበችለትና ሌላ ክፍል ገብታ በላች። እጇን ሊይዛት ሲል እጇን በምጣድ እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበች። ለማን ትናገር? ለወርቂቱ ብትናገር ሙዝ ገዢ ሁሉ ያውቀዋል። ለነርሷ ብትናገር ነርሷ የጡትን ሥራ እንጂ የሐላልና የሐራምን ነገር ከየት ታውቃለች? ለሙከሚል ራሱ ብትናገር፣ ነገሩ ከአፏ ሲወጣ ያልቃል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊያድሩ አይችሉም። ዝም እስካለች ድረስ ቢያንስ ሲያስል ትሰማለች። ይህ ዝምታ ራሱ ኃጢአት ይሆን? እሱንም አታውቅም። ስትሰግድ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለች ይጠፋባታል።

ሦስት ሳምንት ገደማ እንዲህ ሆኑ። አንድ ጠዋት ሙከሚል ትንሿን ሻንጣ ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደ።

«ወራቤ ልሂድ» አለ። «ለጥቂት ቀን። እናቴም ደጋግማ ጠርታኛለች።»

«መቼ?»

«ነገ የሚወጣ መኪና አለ።» ሻንጣውን በጨርቅ ወለወለው፤ አቧራ ባይኖረውም። «ልጅሽን አግኝተሻል። እኔ እዚህ መኖሬ የከበደሽ ይመስለኛል። አልገባኝም እንጂ ከብዶሻል።»

እናቱ ለምን ደጋግመው እንደሚጠሩት ፈሪዳ ታውቃለች። ዝም ካለች ይሄዳል፤ ከሄደ በወራቤ እምቢ የሚልበት ምክንያት አያገኝም። ከተናገረች ደግሞ በገዛ አፏ ታሰናብተዋለች። በሁለቱም በኩል ማጣት ነው። ምናልባት ሦስተኛ ነገር ቢኖርስ? ለማወቅ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ አለባት። ሸይማን አዝላ ወጣች።

ሼህ ረሺድ በመስጊዱ ግቢ ውስጥ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ ልጆችን ቁርኣን የሚያስቀሩ ሽማግሌ ናቸው። ልጆቹን ለቀው ለሶላት የሚታጠቡትን ውዱእ ሊያደርጉ እጅጌያቸውን እየጠቀለሉ ነበር። ፈሪዳ ራቅ ብላ ቆመች።

«አባባ ሼህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር። ለእኔ አይደለም። አንዲት ሴት አለች።»

«እሺ፣ ልጄ። ያቺ ሴት ምን ሆነች?»

«ያቺ ሴት አልወለደችም። ልጅ ልታሳድግ ፈልጋ... ሐኪም ወተት ይመጣልሻል አላት። መጣላት።»

«አልሐምዱሊላህ። ታዲያ ይሄ ምን ጥያቄ አለው?»

«ወተቱን ያመጣው... ያመጡት...» ሸይማን ከጀርባዋ ወደ ፊቷ አዞረች፤ ከሷ ኋላ ለመደበቅ ያህል። «ባሏ ነው ያገዛት። ሕፃኗ አልጠባም ስትል። እና ዋጠ። ብዙ ጊዜ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ማን?»

«ያ ባል።»

«አርባ ሊሞላው ነው።»

«ጢም አለው?»

ያሾፉባት መሰላትና ዓይኗ እንባ ሞላ። «አለው» አለች።

«እንግዲያስ ጢም ያለው ሕፃን የለም። መጥባት ልጅ የሚያደርገው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው፤ ረሃቡን ወተት ብቻ የሚያስታግስለትን ሕፃን። አርባ ዓመት የተጠጋ ሰው ረሃቡ በወተት አይወጣም፤ ጤፍ ይፈልጋል። ያቺ ሴት አምስቱን ጊዜ ይዛ ሁለቱን ዓመት ጣለች።»

«ታዲያ ኒካሁ?»

«ምን ሆነ ኒካሁ? እንደነበረ ነው። ሚስቱ ናት።» እጅጌያቸውን ጨርሰው ጠቀለሉ። «ሕፃኗ ግን ልጇ ናት። ለሰውየውም የሚስቱ ልጅ ናት፤ ስታድግ ከእሱ አትሸፈንም። ይህንንም ለዚያች ሴት ንገሪያት።»

«እነግራታለሁ» አለች ፈሪዳ።

«ደግሞ ሌላ ጊዜ ቶሎ ትምጣ በያት። ስትከሳ አይቼ ወባ ይዟት ነው ብዬ ነበር።»

ወደ ሱቁ ስትመለስ ፈጥና ሄደች፤ ከዚያ ዝግ አለች፤ ከዚያ ደግሞ ፈጠነች። ከየት ትጀምርለት? ልጄ አይደለህም ብላ? ልጅሽ ነኝ ያላት ሰው ሳይኖር? ሱቁ ስትደርስ ሙከሚል ለአንድ የገጠር ሰው ጀሪካን እያሳየ ነው። ሻንጣው ከባንኮው ሥር ተቀምጧል።

«ሙከሚል።»

«አቤት።»

ያሰበችው ሁሉ ጠፋ። «ሚስትህ ነኝ» አለችው።

ገዢውም ሙከሚልም አዩአት። «ታዲያ ማን ነሽ አልኩሽ?» አለ ሙከሚል።

«ወንድም» አለ ገዢው፣ «ይሄ ጀሪካን ክዳን አለው?»

ሙከሚል ክዳኑን ሰጥቶ ሸኘው። ፈሪዳ ጓዳ ገብታ ሸይማን አልጋ ላይ አድርጋ፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ሁሉንም ነገረችው፤ መድረሳውን፣ አምስቱን፣ ሻርፑን፣ ሼሁን። ጨርሳ ዞር ስትል ሙከሚል ተገልብጦ የተደፋ ሳፋ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ አፉን ይዞ ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መሰላት። እየሳቀ ነው።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጅሽ ነበርኩ?»

«መስሎኝ ነው።»

«ሸይማስ እህቴ?»

«እሱን አታንሣው።»

«ዓሣ ገዝቼ ስመጣ ምን አልሽ በልብሽ? ቁም ነገረኛ ልጅ ወለድኩ አልሽ?»

ሳቀች፤ ከወራት በፊት በጢሙ እንደሳቀችው፤ ማቆም እያቃታት። ከዚያ እሱ ሳቁን ቀድሟት አቆመ።

«እኔ ደግሞ ሥራዬን ጨርሼ የተባረርኩ መስሎኝ ነበር» አለ።

«የምን ሥራ?»

ሳፋውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ያ ሰዓት። ለሸይማ ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት። ወላሂ። በኋላ ግን የጠዋቱን ገበያ የምሸጠው ቀትር እስኪደርስ ሆነ። ወተቱ ሲመጣ ደስ አለኝ፤ ደግሞ ከፋኝ። ሕፃን ላይ ልቀና ነው እንዴ ብዬ በራሴ አፈርኩ። አንቺ ስትሸፈኚ፣ ይህን አውቀሽብኝ የተጸየፍሽኝ መሰለኝ።»

ፈሪዳ ተጸይፋው አታውቅም። እሷም ቀትር ሲደርስ ጆሮዋ በሩ ላይ ነበር። ግን ይህን ጮክ ብሎ ማለት ምን ማለት ነው? የተፈቀደ ነው? ነውር ነው? ስም አለው? በመድረሳም አልሰማችም፤ ነርሷም አልነገረቻትም።

«ይሄንን ሼሁን አልጠየቅኋቸውም» አለች።

«ደግሞ ሌላ ሴት ሆነሽ ልትሄጂ ነው?»

«ያቺው ሴት ናት። ያውቋታል።» ቆየችና ጨመረች፤ «ወተቱ የሸይማ ነው።»

«የሸይማ ነው» አለ ቶሎ ብሎ። «እሱን አልነካም።»

«ግን... በሩ ቀትር ላይ ክፍት ሆኖ ማን ይገዛል?»

ሙከሚል ሊመልስ ሲል ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናቸው። ድምፃቸው ጓዳውን ሞላው፤ ለነገ ዶሮ ልረድልህ ወይስ አትደርስም ይላሉ።

«አልመጣም፣ እናቴ» አለ። «የለም፣ ደህና ነኝ። ሁላችንም ደህና ነን። አዎ። ደግሞ ስሚኝ፤ ሸይማ ስታድግ ከእኔ አትሸፈንም። ልጄ ናት።» ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ጆሮው እየቀላ ሄደ። «እንዴት ሆኖ?» ሲሉ ፈሪዳ ከአልጋው ሆና ሰማቻቸው። «ከየት የመጣ ወተት? ማን አመጣው?»

ሙከሚል ስልኩን በእጁ ሸፈነ፤ ሸይማን አየ፤ ፈሪዳን አየ።

«እሱን ፈሪዳ ትነግርሻለች» አለና ስልኩን ሰጣት።

ፈሪዳ ተቀበለችው። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ?» አለች። ጤንነታቸውን ጠየቀች፤ የጎረቤቶቻቸውን ጠየቀች፤ የዝናቡን ጠየቀች። የምትጠይቀው ሲያልቅባት ሙከሚል ወደ ሱቁ ወጥቶ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ ዝም ብለው ይጠብቋታል።